ታርጋው ማን አንገት ላይ ነው?

በእኛ ጊዜ እንግሊዝኛ እንደ እናንተ ከቴሌቪዥን የሚለቀም ነገር አልነበረም፣ ሃዊ ልጄ፤ እኛ ላይ በአንገት ነው የገባው፣ ስሚኝ፣ በአንገት። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው፣ እኔ ሱሉልታ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፣ እና ዲሬክተራችን ሕግ አወጣ። ከግቢው በር ወደ ውስጥ አማርኛ የለም፣ ኦሮምኛ የለም፣ እንግሊዝኛ ብቻ። አፉን ያዳለጠው ልጅ መዳፍ የምታክል ጣውላ በሲባጎ አንገቱ ላይ ትንጠለጠልበታለች። ታርጋ ነበር የምንላት። ታዲያ ታርጋዋ ያለችበት ልጅ ጆሮውን አቁሞ ሲዞር ይውላል፣ ሌላው በአገሩ ቋንቋ ሲናገር ከሰማው አውልቆ እሱ ላይ ያጠልቃታል፣ ሲያጠልቅም «ኢት ኢዝ ዩር ተርን» ማለት አለበት፣ ተራህ ደረሰ ማለት ነው። በይ አሁን ይህ ትምህርት ነው? ጓደኛን ማደን ትምህርት ነው? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ለእኔ ደግሞ ነገሩ ከእፍረትም በላይ ነበር። ያኔ ሱሉልታ ከስምንተኛ በላይ ትምህርት የለም። አዲስ አበባ ግን አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፣ በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ያለፈችን ልጅ በነፃ የሚቀበል፣ እና ከእኛ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ፈተናው ቅዳሜ ነው። ዲሬክተሩ ምን አለ፣ «ዓርብ ደወል ሲደወል ታርጋው ያለበት ልጅ ለፈተና አይሄድም» አለ። ጫንጮ ደግሞ ለልጁ የጠየቀኝ ሰው አለ፣ አባቴም እስከ ፈተናው ታገሱኝ ብሎ ነው ያቆየው። አየሽ ምን ላይ እንደቆምኩ?

እና ተማርኩ። ህንዱ አስተማሪያችን ወረቀት አፋችን ፊት ያስይዘንና «ፔፐር» በሉ ይለናል፣ ወረቀቱ ካልተርገበገበ አልተባለም፣ ድገሚ። «ዚስ» እና «ዛት» ስንል ደግሞ ምላሳችን በጥርሳችን መሃል ብቅ ማለት አለበት። ታዲያ እቤት ሄጄ «ዚስ ኢዝ ኤ ስፑን፣ ዛት ኢዝ ኤ ዶር» እያልኩ ስለማመድ እናቴ አየችኝ፣ «ለማን ነው ምላስ የምታወጪው? ለእኔ ነው?» ብላ ማማሰያ አነሳች። ከዚያ ወዲህ በረት ገብቼ ላሟ ላይ ነው የተለማመድኩት። እሷ እንኳ አልተቀየመችኝም።

ታዲያ ዓርብ ከሰዓት፣ ልንለቀቅ ስንል፣ አባቴ አጥሩ ጋ መጣ። አባቴ ኦቦ እየተባለ የሚከበር፣ አገር የሚያስታርቅ ሰው ነው። አማርኛ ይሰማል፣ እንግሊዝኛ ከየት አባቱ ያምጣ። «ኢንተላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «ሃቲ ኬ ዹኩብሰቴ።» እናትሽ ታመመች፣ ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው፣ ልጆቹን ያዢልኝ። እንግዲህ ፍረጂ። አባት መጥቶ እናትሽ ታመመች ሲል «ዚስ ኢዝ ኤ ስፑን» ይባላል? «ማል ታቴ፣ አቦ?» አልኩት፣ ምን ሆነች አባዬ። ገና አፌን ሳልዘጋ አንዷ ከኋላዬ መጣችና ታርጋዋን አጠለቀችብኝ፣ «ኢት ኢዝ ዩር ተርን።»

አባቴ ጣውላዋን አየ። «ይኼ ምንድነው? እኔ ቃጭል የማስረው ለከብት ነው» አለ። ድምፁን ሲሰማ ዲሬክተሩ ከራባቱን እያስተካከለ ወጣ፣ እና ምን ቢለው ጥሩ ነው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከአጥሩ ዘወር በል፣ ትምህርት አትበጥብጥ።» አንተ! አባቴን አንተ! በልጁ ፊት!

ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም። ዲሬክተሩ አጎንብሶ የአጥሩን በር ሲቀረቅር ታርጋዋን አውልቄ ከከራባቱ በላይ አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት፣ እና ጥርት አድርጌ፣ ወረቀት ቢኖር እስኪርገበገብ፣ «ፕሊዝ ሰር፣ ኢት ኢዝ ዩር ተርን» አልኩት። ሕጉ ሕግ ከሆነ አማርኛ ተናግሯል፣ አልተናገረም?

እሱ ግን በጥሶ ወረወራት። «ሕጉ ለተማሪ ነው» አለኝ። ይህንንም ያለኝ በአማርኛ ነው።

እናቴ ማታውኑ ኪኒኗን ይዛ ተመለሰች፣ ዳነችም፣ ተመስገን። ቅዳሜ ጠዋት ግን በረት ደጃፍ ቆሜ ለፈተና የሚወስደው ላንድሮቨር ሲያልፍ አየሁት፣ በእኔ ፋንታ ታርጋ ያጠለቀችብኝ ልጅ ናት ውስጡ ያለችው። እሷን አልወቅስም፣ እንደዚያ አድርገው ያስተማሯትን ነው ያደረገችው። እኔ ከፋሲካ በኋላ ጫንጮ ገባሁ፣ ተዳርኩ። እንግሊዝኛዬ ይኸው አፌ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ፣ የሚያናግረኝ ሳይኖር። ይቆጨኛል፣ ለምን ይቆጭሻል እንዳትዪኝ።

«እማማ» አለች ሃዊ፣ «የእኛም ትምህርት ቤት አለ እኮ። አሁን ቀይ ካርድ ነው፣ ደረታችን ላይ ነው የሚለጥፉብን።»

እዚህ ቡራዩ?

«እዚሁ ቡራዩ። እኔ ላይ ትናንት ተለጥፎ ነበር።»

ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትገቡት?

«ሁለት ሰዓት። ምነው እማማ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

ነጠላዬን ከሣጥኑ አውጪልኝ። አጥሩ ጋ ቆሜ በኦሮምኛ እጠራሻለሁ፣ አንቺም በኦሮምኛ ትመልሺልኛለሽ። ዲሬክተሩ ሲወጣ ዝም በይ፣ እሱን ለእኔ ተዪው። በእንግሊዝኛ ነው የማናግረው፣ ምላሴን በጥርሴ መሃል አውጥቼ።