ፖዘቲቭ የማን ቃል ነው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው እንደ ድሮው ጥያቄ አይጠይቀኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሶዶ ውስጥ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ጥያቄ ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ ከሐሳቤ ይቀድማል። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ፣ ወደ ዱቦ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የነበሩት ጋሽ ሀብተየስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "መምህር፣ ለመሆኑ ፖዘቲቭ ማለት ምን ማለት ነው?" ሲሉኝ፣ ለምን እንደጠየቁኝ እንኳ ሳላጣራ ማስተማር ጀመርኩ።

ጋሽ ሀብተየስን ሶዶ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ወልደው ከብደው የቀሩ ናቸው። እሳቸውም የታወቁ ኤሌትራውቶ ናቸው፤ የመኪና ባትሪና መብራት ሲጠግኑ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። ያን ቀን የክት ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ፊታቸው ግን ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ፊት ነበር።

"ፖዘቲቭማ ከዜሮ በላይ ያለ ቁጥር ነው" አልኳቸው። "ኔጌቲቭ ደግሞ ከዜሮ በታች። መሬቱን ዜሮ ነው ይበሉ። ፎቅ ሲወጡ ፖዘቲቭ፣ ጉድጓድ ሲወርዱ ኔጌቲቭ። የሚገርመው፣ ሁለት ኔጌቲቮች ሲባዙ ፖዘቲቭ ይወልዳሉ!"

"የቁጥሩን አይደለም የምጠይቅዎት" አሉኝ። "የባትሪውንም አውቀዋለሁ። የሰውን ነው። ሰው ፖዘቲቭ ነው ሲባል።"

"እሱማ አስተሳሰቡ ቀና ነው ማለት ነው። ሥልጠና በሄድን ቁጥር 'ፖዘቲቭ ሁኑ' እያሉ አይደል የሚያደክሙን?"

ጋሽ ሀብተየስ ትክ ብለው አዩኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያኔ ከፊታችን ወንበር ላይ የነበረች አንዲት ወጣት ዘወር አለች። ሳህሊቱ ናት፤ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ፣ አሁን የላብራቶሪ ባለሙያ ሆናለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ዱቦ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች።

"ቲቸር፣ ዛሬም ጥያቄው ሳያልቅ ነው መልስ የሚጀምሩት?" አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጆሮዬ ገባ። ፖዘቲቭ የሚለው ቃል ብቻውን ፍቺ የለውም። አስቀድሞ 'የምን?' ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።"

"ቃል ቃል ነው ልጄ" አሉ ቆጣ ብለው። "በእኔ ሥራ ፖዘቲቭ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው። ገመዱን ያምታታ ሰው የሰው መኪና ያቃጥላል። ቃል እንደ ልብስ በየቤቱ ይቀያየራል እንዴ?"

"ይቀያየራል እንጂ! እኛ ዘንድ ፖዘቲቭ ማለት የፈለግነው ነገር ተገኘ ማለት ብቻ ነው። ወባ ፈልገን ካገኘን ፖዘቲቭ እንላለን፣ ሰውየው ያዝናል። እርግዝና ፈልገን ካገኘንም ፖዘቲቭ እንላለን፤ በዚያች በአንዷ ቃል አንዷ እልል ስትል ሌላዋ ስታለቅስ አይቻለሁ። ቃሉ ምሥራችም መርዶም አይደለም።"

እኔም ዝም ማለት አልችልምና የድሮውን ፎቶ ቤት አነሳሁ። "ኔጌቲቩን አምጡና እናጥብላችሁ ይሉን አልነበር? እዚያ ላይ ጥርሳችን ጥቁር፣ ጸጉራችን ነጭ ነበር። ማንም ግን ታምሜያለሁ ብሎ አልደነገጠም።" ሳህሊቱ ሳቀች። ጋሽ ሀብተየስ ግን አልሳቁም፤ ረዳቱ "ዱቦ! ዱቦ! አንድ ሰው!" እያለ በሩን እስኪዘጋው ድረስ አንድ ነገር በልባቸው ሲያብሰለስሉ ቆዩ።

መገንጠያው ላይ ወረድን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የእግር ነው፤ ግራና ቀኙ እንሰትና ጎደሬ ነው፣ ጠዋት የጣለው ዝናብ ጭቃውን አላልቶታል። ሦስታችንም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለነበርን አብረን ተጓዝን። ትንሽ እንደሄድን ሽማግሌው ቆሙ።

"መምህር፣ አንቺም ልጄ፣ የምነግራችሁ እዚሁ ይቅር" አሉ። "ልጄ ባሮክ የአቶ ጦናን ልጅ ናርዶስን ሊያገባ ቀን ተቆርጧል፤ ታውቃላችሁ። ከትናንት ወዲያ ምርመራ ሄደው ነበር። ትናንት ማታ ከሱቄ ጓሮ በስልክ ሲያወራት ሰማሁት። 'እኔ ፖዘቲቭ ነኝ፣ አንቺ ኔጌቲቭ ነሽ' ይላታል። 'አይዞሽ፣ መርፌ አለው' ይላታል። 'ለአባዬ አሁን አንነግረውም፣ ይደነግጣል' ይላታል።" ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "እኔ በዚያ በሽታ ታናሽ ወንድሜን ቀብሬያለሁ። ያኔ አንድ ሰው ፖዘቲቭ ተባለ ማለት መቃብሩ ተቆፈረ ማለት ነበር። ልጄን እወደዋለሁ፤ ግን የሰው ልጅ አላስጨርስም። አሁን የምሄደው አቶ ጦናን 'ሠርጉ ቀርቷል፣ ምክንያቱን አትጠይቀኝ' ልለው ነው።"

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ስለ ፎቅና ጉድጓድ ስቀባጥር እኚህ ሰው የልጃቸውን ትዳር ለማፍረስ እየተጓዙ ነበር! ክፉ ሰው ቢሆኑ እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ደግ ሆነው መሳሳታቸው ነው ያንገበገበኝ።

ሳህሊቱ ግን አልደነገጠችም። "ጋሼ፣ ባሮክን ጠየቁት?" አለቻቸው።

"አባት ልጁን እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል? ነውር አይደለም?"

"ሳይጠይቁ ሠርጉን ማፍረስስ ነውር አይደለም?"

"አንቺ ልጅ፣ አፍሽ እንዴት ነው!" አሉ። ግን አልተቆጡም።

"ይማሩኝ ጋሼ፣ ልናገር። አንደኛ፣ ያሉት እውነት ቢሆን እንኳ ዛሬ እንደዚያን ጊዜ አይደለም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ፣ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ያገባሉ፣ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ተነጋግረው የሚወስኑትም ሁለቱ እንጂ እኛ አይደለንም። ሁለተኛ ግን 'መርፌ አለው' ያለው ነገር ሌላ ነው የሚመስለኝ። ሙሽሮች ሲመረመሩ የደም ዓይነትም ይታያል። ኦ ፖዘቲቭ፣ ኤ ኔጌቲቭ ሲባል ሰምተው አያውቁም?"

"ደም ሲለገስ ሰምቻለሁ።"

"በቃ! ቀይ ደማችን ላይ የምትገኝ አንዲት ነገር አለች። ያለችው ሰው ፖዘቲቭ ይባላል፣ የሌለችው ኔጌቲቭ። መኖሯም በሽታ አይደለም፣ አለመኖሯም በሽታ አይደለም። እርግጠኛ ለመሆን አንድ ስልክ ይበቃል፤ ይደውሉለት።"

ሽማግሌው ስልኩን ከኪሳቸው አወጡት፣ መልሰው ከተቱት፣ ደግመው አወጡት። "እንዴት ብዬ ልጀምር?" ብለው እኔን አዩኝ። የሒሳብ መምህር ለዚህ ምን ቀመር አለው? "እንዲያው እንደመጣልዎት" አልኳቸው።

"ባሮክ" አሉ ሲያነሳ። "የምን ፖዘቲቭ ነህ?"

ከወዲያ በኩል የልጁ ድምፅ ለእኛም እስኪሰማ ድረስ ጮኸ። "የደም ዓይነቴ ነዋ አባዬ! ኦ ፖዘቲቭ ነኝ! አንተ ደግሞ ምን መስሎህ ነው? የኤችአይቪውማ ሁለታችንም ነፃ ነን፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ነግረናል እኮ። ናርዶስ ደሟ ኔጌቲቭ ስለሆነ ስታረግዝ መርፌ ያስፈልጋታል አሉን። አንተ የልጅ ነገር ሲነሳ ስለምትከፋ ነው ቀስ ብዬ ልነግርህ ያሰብኩት።"

ጋሽ ሀብተየስ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አሉ። የክት ኮታቸው ጫፍ ጭቃ ነካ፤ አላዩትም። "ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን" አሉና ከስልኩ ይልቅ ለሰማዩ አወሩ። እኔም ዓይኔን ጠራረግሁ፤ አላፍርበትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ መንገዱን ልቀጥል ስል ሽማግሌው ተነሥተው "ቆይ" አሉ። "መርፌው ለምንድን ነው? በሽታ ካልሆነ መርፌ ምን ያደርጋል?"

ፊታቸው ላይ አሁን ፍርሃት ሳይሆን የማወቅ ጉጉት ነበር። ሳህሊቱም እየተራመደች አስረዳች። "እናት ኔጌቲቭ ሆና ልጁ በአባቱ ወጥቶ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቱ ደም ይገባል። ሰውነቷም ባዕድ መጣብኝ ብሎ መከላከያ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ በደህና ተወልዶ ያድጋል። መከላከያው ግን እናት ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። ቀጣዩም ፖዘቲቭ ከሆነ ደሙን ያጠቃዋል፤ ሆድ ውስጥ ሊሞት፣ ወይም ቢጫ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። መርፌው በእርግዝና ጊዜ፣ ከዚያም ከወሊድ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ከተሰጠ ያ መከላከያ አይዘጋጅም።"

ሽማግሌው እንደገና ቆሙ። "ቢጫ ነው ያልሽው?"

"አዎ ጋሼ፣ ዓይኑም ቆዳውም።"

"ባሮክ ሲወለድ ድንቡሽቡሽ ያለ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ከእሱ በኋላ የመጣችው ቢጫ ሆና ተወልዳ ሞተች። ሦስተኛው ሞቶ ተወለደ። ዘመድ ሁሉ ባለቤቴን ዓመለወርቅን ማኅፀንሽ ልጅ አይወድም አላት። እናቴም አለቻት። እኔም..." አልጨረሱትም።

ሳህሊቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጋሼ፣ ሳልመረምር እንዲህ ነው አልልም። ሕፃን ቢጫ የሚሆንበት ሌላም ብዙ ምክንያት አለ። የእትዬ ዓመለወርቅ የደም ዓይነት ግን ይታወቃል?"

በዚህ ጊዜ ስልኩን ለማውጣት አላመነቱም። ባለቤታቸው አነሡ። "ዓመለ" አሉ፣ "ያኔ ሦስተኛውን ስታረግዢ ሐኪም ቤት ደምሽን አይተውት ነበር?"

"ምን ነካህ ዛሬ?" አሉ እትዬ ዓመለወርቅ። "አይተውታል። ኔጌቲቭ ነሽ አሉኝ። ያኔ ያ በሽታ ሰዉን ይፈጅ አልነበር? ነፃ ነሽ ያሉኝ መስሎኝ እልል ብዬ ወጣሁ። ሲስተሯ 'ቆይ፣ ላስረዳሽ' እያለችኝ እኔ ምሥራቹን ልነግርህ ወደ ቤት ሮጥኩ። አንተስ አብረኸኝ አመስግነህ የለም እንዴ?"

"አመስግኛለሁ" አሉ ጋሽ ሀብተየስ። "ዓመለ፣ ሰኞ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ጥፋቱ ግን ያንቺ አልነበረም። አንድም ቀን ያንቺ አልነበረም። እኔ ነኝ ሳልጠይቅ የፈረድኩብሽ።" ከወዲያ በኩል ምን እንደተባለ አልሰማንም። ሽማግሌው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ብዙ ቆሙ፤ እኛም ቀደም ብለን በዝግታ ሄድን።

አሰብኩት። እነዚያ ሁለት ቃላት አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ አታለሉት። አባት ፖዘቲቭ ሲባል ሰምቶ ደስታን መርዶ አደረገ፤ እናት ኔጌቲቭ ሲሏት ሰምታ ማስጠንቀቂያን ምሥራች አደረገች። ሁለቱም 'የምን?' አላሉም።

ሽማግሌው ደርሰውብን "ለጦና የምነግረው ሌላ ሆኗል፤ አብራችሁኝ ኑ" አሉንና የአቶ ጦና ደጅ ደረስን። ሰውየው አጥራቸውን ሲያስተካክሉ ነበር፤ ሲያዩን እጃቸውን ዘርግተው መጡ። "ሳሮ! ሳሮ! ምነው በጠዋቱ? ደህና ናችሁ? ግቡ እንጂ!"

ጋሽ ሀብተየስ ሳሟቸውና "ስለ ልጆቹ ምርመራ ነው የመጣሁት" አሉ። "ናርዶስ ኔጌቲቭ ናት።"

የአቶ ጦና ፊት በራ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። "እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተ ቤቶች፣ ኑ እልል በሉ!"

እኔና ሳህሊቱ ተያየን። ጋሽ ሀብተየስ የተዘረጉትን እጆች ይዘው ቀስ ብለው ወደ ታች አወረዷቸው።

"ቆይ ወንድሜ፣ አሁን እልል አትበል" አሉ። "ዓመለወርቅም እልል ብላ ነበር። መጀመሪያ 'የምን ኔጌቲቭ?' በለኝ።"

አቶ ጦና ግራ ተጋብተው አዩአቸው። "እሺ፣ የምን?"

"አዎ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ! ቁጭ በል ላስረዳህ። ባትሪ ላይ ሁለት ራስ አለ። ኔጌቲቩን መጥፎ ነው ብሎ የነቀለ ሰው መብራት አያገኝም። ልጅህ ደሟ እንደዚያ ነው፤ በሽታ የለባትም። ነገር ግን ስታረግዝ መርፌ አላት፣ ስትወልድም በሦስት ቀን ውስጥ መርፌ አላት። ክትትል ስትሄድ ደሜ ኔጌቲቭ ነው ብላ በአፏ ትናገር፤ ያልገባትን ሳትጠይቅ ከዚያ ቤት አትውጣ። እኛም ሽማግሌዎቹ ልጆቹን መጠየቅ ነውር ነው አንበል። እንዲህ ካደረግን የመጀመሪያውም፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ልጅ በእግሩ እየሮጠ ይህን አጥርህን ያፈርስልሃል።"

ሳህሊቱ እዚህም እዚያም ቃል ጨመረችላቸው እንጂ ማረም አላስፈለጋትም። እኔ ብርቅ ሆኖብኝ አፌን ዘግቼ ሰማሁ። ናርዶስ እልልታ ሲጠራ ሰምታ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሽማግሌው አዩአትና ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት። "ልጄ" አሏት፣ "የክትትልሽ ቀን ሲደርስ እኔና ዓመለወርቅ ነን ሐኪም ቤት የምንወስድሽ። ደጅ ቁጭ ብለን እንጠብቅሻለን፤ ሐኪሙ ያለሽን ሁሉ ወጥተሽ ትነግሪናለሽ።"