ለሐሳብ የሚሆን አየር

ደህና አደርሽ ሰልማ ልጄ። ከኮተቤ ታክሲ አገኘሽ ወይስ እንደ ትናንቱ በእግርሽ ነው? ጫማሽ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ነይ፣ እዚህ ጥበቃ ቤቴ ደጃፍ ላይ ጥረጊው። ዝናቡ ዛሬ የሚያባራ ይመስላል።

ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሽ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ተላላኪው ግሩም ነው ያነበበልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሰው መጥቶ ይህችን የግቢያችንን ወይራ ይቆርጣታል አለኝ። ለመኪና ማቆሚያ። በሩን የምከፍትለት ደግሞ እኔ ነኝ።

አትዘኚ። የታሰበበት ነገር ነው። ያሰቡትስ ማን ናቸው? ስም መጥራት አልወድም... ትልቁን ክፍል የያዙት አለቃችን ናቸው። መስኮታቸው ክፍት ነው፣ አይቻለሁ። ይሁን፤ የማወራው ደግ ደጉን ነው።

ባለፈው ስብሰባ ምን አሉ? የማስታወቂያ ሥራ ሐሳብ ይፈልጋል፣ ቢሮ ውስጥ የሚውል ሰው አእምሮው ይዘጋል፣ ዛፍ ስር የተቀመጠ ግን አዲስ ነገር ይፈጥራል። በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። ለዚህም ብለው ማክሰኞና ሐሙስ እንጦጦ ይወጣሉ። ቤቴ ከማርያም ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ተረኛ ባልሆንኩ ቀን አያቸዋለሁ። መኪናቸውን መንገድ ዳር ያቆማሉ። ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛሉ። መስታወቱን እስከ ላይ ይዘጉታል... ነፋሱ ሐሳባቸውን እንዳይወስድባቸው ይሆናል። ዐይናቸው ተጨፍኖ፣ አፋቸው ከፈት ብሎ። አንድ ቀን አሟቸው መስሎኝ ላንኳኳ ነበር። ለካ እያሰቡ ነው። እያሰበ የሚያንኮራፋ ሰው ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይወርዱም። ለዱቄት ፋብሪካው በተሠራው ከረጢት ላይ ያለችው ወፍስ? አንቺ በምሳ ሰዓት እዚህ ወይራ ስር ጆንያዬን አንጥፈሽ ስትስያት ቆሜ አይቻለሁ፤ ጭራዋን ሦስት ጊዜ አጥፍተሽ ነው የሳልሻት። ባለፋብሪካዋ ወይዘሮ አስካለች በመጡ ጊዜ ግን አለቃችን እንጦጦ ላይ የመጣችልኝ ወፍ ናት አሏቸው። እኔ ምን አውቃለሁ? ክንፍ አላት። በቀትር እዚህ ቅርንጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያ እንጦጦ ወጥታ መኪና ውስጥ ትገባለች... መስታወቱ እንደተዘጋ።

ታዲያ ወይራዋ ምን አጠፋች? ወፎቹ አዲሱን መኪና አቆሸሹባቸው። ጠዋት ጠዋት የማጥበው እኔ ነኝ፣ አልዋሽም። ሌላ ሰው ቢሆን መኪናውን ማዶ ያቆም ነበር። ዛፍ ፍለጋ ቤንዚን አቃጥሎ ተራራ ወጥቶ፣ ደጅ ላይ ያለችውን ማስቆረጥ... እኔና አንቺ በየት በኩል እንደርስበት ነበር?

አንቺንም አልረሱሽም። ከሰኞ ጀምሮ መጋዘኑ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ትገቢያለሽ፤ እሱንም ግሩም አንብቦልኛል። መስኮት የላትም። ፀሐይ እንዳይመታሽ ብለው ነው። እዚያ ሆነሽ እንዲህ ያለች ወፍ ትደግሚያለሽ? ቢያቅትሽ አይቆጡሽም። ሌላ ይቀጥራሉ።

ቅዳሜ በሩን አልከፍትም ልል ነበር። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ማን ይቀጥረኛል? እከፍታለሁ።

መስኮቱ ተዘጋ... በረዳቸው መሰለኝ።

እኔ ግን ሳልመርቃቸው አልቀርም። እንጦጦ ማርያም ረጅም ዕድሜ ትስጣቸው። ምርኩዝ እስኪይዙ፣ የልጅ ልጅ እስኪስሙ ታኑራቸው። ልጆቻቸውን እንደ እሳቸው አሳቢ ታድርግላቸው። አንድ ቀን አርጅተው፣ ከልጆቻቸው ግቢ ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ሲቀመጡ... የመኪና ማቆሚያ ቦታ ይዘውባቸው ቢገኙ፣ እሳቸው ለዚህች ወይራ እንዳሰቡላት፣ ልጆቻቸውም እንደዚያው ያስቡላቸው።

አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ።