ሕመምን የሚጠይቅ ወረቀት

በቁስል ማጠቢያው ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠሩት አንጋፋ ነርስ እጃቸው ፈጣን ስለነበር ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ቀልጣፋው» ይሏቸዋል። እሳቸውም ስሙን ይወዱታል፤ ሙገሳ ማን ይጠላል!

አንድ ቀን ጠዋት እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ቧንቧው ሲያመሩ ከአዲሷ ነርስ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቱ ከዜሮ እስከ አሥር የተጻፈበት ወረቀት ይዛለች። ምንድን ነው ቢሏት፣ ሕመምተኞች የሕመማቸውን መጠን በቁጥር እንዲነግሩን ነው፣ ዜሮ ምንም አላመመኝም፣ አሥር ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው ስትል አስረዳቻቸው። ጋሽ ቀልጣፋው ከት ብለው ሳቁ። ሕመም እንደ ስኳር በኪሎ ሊመዘን ነው ወይ ብለውም አሾፉባት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ያመመው ራሱ ይናገር» አሏት። «እኔ እንዴት ናችሁ እላቸዋለሁ፣ ደህና ነን ይሉኛል። መርቀውኝ ነው የሚሄዱት።»

«ጋሼ፣ እንደ ድፍረት አይዩብኝና፣ እንዴት ናችሁ ሲባል ደህና ነን የማይል ማን አለ? ሰላምታ እኮ ነው።»

ነገሩ ቢከነክናቸውም እጅ አልሰጡም። ወዲያው ክንዷን ምድጃ ያቃጠላት ዳቦ ጋጋሪ ተራዋ ደርሶ ገባች። «እንግዲያው እሷን ጠይቂያት» አሉና የደረቀውን ፋሻ እንደ ልማዳቸው በአንድ ጊዜ መንጭቀው አነሱት። ሴትዮዋ ከንፈሯን ነክሳ «እጅዎ ይባረክ» አለች። ልጅቱ ወረቀቱን ስታቀርብላት ግን ጋሽ ቀልጣፋውን በጎሪጥ አየት አደረገችና ጣቷን አሥር ላይ አሳረፈች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?» አሏት።

«እርስዎ ለፍተው እያከሙኝ አመመኝ ማለት ውለታ ቢስነት መሰለኝ፣ ጋሼ። እውነቱን ልንገርዎትና ከእንግዲህ ላልመጣ ወስኜ ነበር።»

ጋሽ ቀልጣፋው ደነገጡ። ብትቀር ቁስሉ እንደሚያመረቅዝ፣ ሊጥ የሚያሸው ክንዷም ደርቆ እንደሚቀር ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እልኸኛ ናቸው፤ እውነት ፊታቸው ስትቆም ግን ፊት የሚያዞሩ ሰው አይደሉም። «ወይ ጉድ፣ ሠላሳ ዓመት ምርቃቱን ስሰማ ሕመሙን ሳልሰማ ኖሬያለሁ» አሉና ምን ይሻላል ብለው ልጅቱን ጠየቋት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ በልጅቱ ምክር ለዳቦ ጋጋሪዋ የሕመም ማስታገሻ ቁስሏ ከመታጠቡ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ተሰጣት። ጋሽ ቀልጣፋውም ፋሻውን በጨው ውሃ አርሰው፣ እያዋዙ፣ ቀስ ብለው ላጡት። ሴትዮዋ ሦስት አለች፤ ያውም እየሳቀች።

ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ቁጥር በየቀኑ ይመዘገብ ጀመር። ማን እየተሠቃየ እንደሆነ፣ የትኛው አሠራር እንደሚሻል በግልጽ ታወቀ፤ ቀጠሮ የሚያቋርጠውም ሰው ቀነሰ። አሁንማ ጋሽ ቀልጣፋው ሳይጠይቁ ፋሻ የሚነኩ ነርሶችን የሚቆጡ ራሳቸው ሆነዋል።

ዳቦ ጋጋሪዋ በመጨረሻው ቀጠሮዋ ዜሮ ስትላቸው ግን አላመኗትም።

«ይሉኝታ የሌለበት ዜሮ ነው?»

«የሌለበት ነው ጋሼ» አለች፣ ክንዷን አጥፋ እየዘረጋች። «ነገ ሊጥ ላቦካ ነው።»