የፈርሂያ ጨዋነት

ጋሽ አሕመድኑር በዚህ ዓለም ላይ የሚኮሩበት ነገር ሁለት ነበር። አንዱ ሰባ ዓመት ሞልቷቸው ከጥርሳቸው አንድ አለመጉደሉ፣ ሌላው የልጅ ልጃቸው የፈርሂያ ጨዋነት። ጥርሱ የአላህ ሥራ ነው፤ ጨዋነቱ ግን የገዛ እጃቸው ሥራ ስለሆነ በእሱ የበለጠ ይኮራሉ። የፈርሂያ እናት፣ ልጃቸው ሀዲያ፣ ጅዳ ሄዳ በሰው ቤት ሥራ ከገባች አምስት ዓመት አልፏታል። ልጅቱ እንግዲህ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው በአያቷ እጅ ነው።

በአንድ የገበያ ቀን ጋሽ አሕመድኑር እናቷ በላከችው ጨርቅ የሚሰፋውን የዒድ ቀሚስ ሊወስዱ፣ ፈርሂያን አስከትለው፣ መካነ ሰላም ከልብስ ሰፊው ከአለምነው በረንዳ ደረሱ። ቀሚሱ ተሰፍቶ አልቆ ስለነበር ልጅቱ ለበሰችው።

«ጠበበሽ እንዴ፣ እናቴ?» አላት አለምነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለች።

ቀሚሱ ብብቷን ሰንጎ ይዟት ክንዷን እንኳ ማንሳት አቅቷት ነበር። ይህን ያየው ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው። ምንይችል ይባላል፤ የፈርሂያ አስተማሪ ነው። ብድግ ብሎ ሽማግሌውን ሰላም አለና ቦታ ለቀቀላቸው።

«አየህልኝ መምህር?» አሉ ጋሽ አሕመድኑር እየተቀመጡ። «የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ይሄኔ በልቅሶ ገበያውን ታምሰው ነበር።»

«ጋሽ አሕመድኑር፣ ጠቧታል እኮ።»

«ቢጠባት ትናገር ነበራ!»

«ትናገራለች ብለው ነው? ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ልኬብዎት ነበር። ደርሶዎታል?»

«ለኔ ማን ደብዳቤ አመጣ?»

ምንይችል ፈርሂያን አያት፤ እሷም መሬት መሬቱን አየች። ደብዳቤው የት እንደገባ ለመገመት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። ልጅ ሲፈራ ደብዳቤም ይበላል።

«አይቆጧት» አለ ምንይችል ቶሎ ብሎ። «ጥፋቱ የኔም ነው። ካርዷ ላይ ‹ፀባይ፦ በጣም ጥሩ› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ዝም ያለች ልጅ ለአስተማሪ በረከት ትመስለዋለች፤ ዝምታዋ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም።»

«ከየት ይመጣል? ከአስተዳደግ ነዋ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እናቷ የሄደች ሰሞን ስልክ በደወለች ቁጥር ይህች እዚህ ታለቅሳለች፣ ያቺ እዚያ ታለቅሳለች። ወላሂ መምህር፣ ሀዲያ እህል አልበላ ብሏት አሠሪዋ ልትመልሳት ነበር። እኔም ‹እናትሽ ደህና ነሽ ወይ ስትልሽ መልስሽ አንድ ነው፤ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ትያታለሽ፤ ሌላ ቃል ከአፍሽ እንዳልሰማ› አልኳት። ይኸው ተማረች። አሁን የመጣ የሄደው ሁሉ የሚመርቀኝ እሷን እያየ ነው። ክፉ ሠራሁ?»

«ለሀዲያ አዝነው ነው፤ ይገባኛል። አልሐምዱሊላህን እኔ ክርስቲያኑም እለዋለሁ፤ የወሎ ልጅ አይደለሁ? ግን እኛ የምንለው አመስግነን ነው። ፈርሂያ የምትለው ፈርታ ነው። እርሳሷ ሲጠፋ አልሐምዱሊላህ፣ ልጆች ሲገፏት አልሐምዱሊላህ። ልቅሶውን ከለከሏት እንጂ ያስለቀሳትን ነገር አላነሱላትም።»

ሽማግሌው ተቆጡ። «እኛ አባታችን ፊት ቀና ብለን ሳናይ አደግን። ምን ሆንን? ልጅ ካልፈራ ስድ ይሆናል!»

«መከበርና መፈራት ይለያያል፣ ጋሽ አሕመድኑር። የሚያከብርዎት ልጅ ሲጨንቀው ወደ እርስዎ ይሮጣል፤ የሚፈራዎት ከእርስዎ ይሸሻል። ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎት፤ አባትዎን እንዲያ ሲፈሩ፣ የታመሙ ጊዜ ለማን ነበር የሚናገሩት?»

«ለእናቴ ነ—»

አለምነው እንኳ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። የፈርሂያ እናት ያለችው ባሕር ማዶ ነው፤ ለእሷም እንዳይነገር የከለከሉት ራሳቸው ናቸው።

ምንይችል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደብዳቤ የጻፍኩት ስድብም ስሞታም ለመንገር አልነበረም። ይዩኝ።» ተነሥቶ ከልጅቱ ኋላ በስተግራ ቆመና «ፈርሂያ» አላት። አልዞረችም። «ፈርሂያ!» አላት ትንሽ ከፍ አድርጎ። ልጅቱ የቀሚሷን ጠርዝ እየነካካች ቆማለች። በስተቀኝ ዞሮ በሹክሹክታ ሲጠራት ግን ዘወር አለች።

ጋሽ አሕመድኑር የልጅቱን ሻሽ ገለጥ አደረጉት። ግራ ጆሮዋ ውስጥ ተጠቅልሎ የተወተፈ ጥጥ አለ፤ መግል አርሶት ቢጫ ሆኗል፤ ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። ጥጡን አወቁት። የትራሳቸው ጥጥ ነው። ትራሱ ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ሲሄድ አይጥ መስሏቸው ሁለት ጊዜ መርዝ አስቀምጠዋል።

«ያምሻል?» አሏት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች ፈርሂያ።

«ያረቢ፣ ጌታዬ!» አሉ ሽማግሌው። «ለአንተ የሚባለውን ቃል የቁስል ክዳን አደረግሁት!»

በዚያው ከምንይችል ጋር ጤና ጣቢያ፣ በማግሥቱም ደሴ ከጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አየና የጆሮዋ ታምቡር ተቀዶ መቆየቱን፣ ቁስሉ ወደ ውስጥ መዝለቁን ነገራቸው። መግሉ በመድኃኒት ይደርቃል፤ መስማቱ ግን አይመለስም። በወቅቱ መጥታ ቢሆን በቀላሉ በዳነች ነበር። መቼ እንደጀመራት ሲጠይቅ ግን ልጅቱ ያችኑ መልሷን ሰጠች፤ አያቷም አያውቁም። አብሮ እየበላ አብሮ የሚያድር ሰው ይህን አለማወቁ ሐኪሙን ሳይገርመው አልቀረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ልጅን መደበቅ ያስተማረ ሰውስ ምን ይባል?

ከደሴ በተመለሱ በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሀዲያ በኢሞ ቪዲዮ ደወለች። ምንይችል ልጅቱን ሊጠይቅ መጥቶ ተቀምጧል። ጋሽ አሕመድኑር ስልኩን እንደ ወትሯቸው ራሳቸው አልያዙትም፤ ለፈርሂያ ሰጧትና በቀኟ ተቀመጡ።

«የሆንሽውን ሁሉ ንገሪያት፣ እናቴ። አብሽሪ፣ አይዞሽ። ዛሬ አልቆጣሽም።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ያየችው ግን ፊታቸውን አልነበረም፤ እጃቸውን ነበር። ሽማግሌው ይህን አዩና እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱት።

«እማ» አለች ፈርሂያ ቀስ ብላ፣ «ግራ ጆሮዬ አይሰማም።»

«ምን? ከመቼ ጀምሮ?»

«ባለፈው ረመዳን። ‹ናፍቀሽኛል ነይ› ብዬ ያለቀስኩብሽ ቀን። ስልኩ ሲዘጋ አባባ በጥፊ መቱኝ። ከዚያ ጆሮዬ ጮኸብኝ። ከዚያ ውሃ ፈሰሰኝ። ከዚያ መስማት ተወ።»

ጋሽ አሕመድኑር «ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም ቢሉ ሀዲያ የምታምነው እሳቸውን ነው፤ ፈርሂያም ይህን ታውቃለችና አፋቸውን እያየች ጠበቀች። አሁን ቢክዷት ልጅቱ ዳግመኛ ለማንም ለምንም እንደማትናገር ለምንይችል ገባው።

«እውነቷን ነው» አሉ ሽማግሌው። «የመታኋት እኔ ነኝ፣ ሀዲያ። ጆሮዋን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሀዲያ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠችው መሰል፣ የሰው አገር ኮርኒስ ብቻ ይታይ ጀመር። ልቅሶዋ ግን ይሰማል። ፈርሂያም አለቀሰች፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ማንም ዝም በይ ሳይላት፣ እስኪበቃት። አያቷ እንባዋን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ አብረዋት አለቀሱ።

ከዚህ ወዲህ ዓመት አልፎታል። ፈርሂያ ክፍል ውስጥ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ሰሌዳው አድርጋ ፊት ትቀመጣለች፤ ያልሰማችውን «ይድገሙልኝ» ትላለች፤ በትምህርቷም ከኋለኞቹ ወደ ፊተኞቹ ወጥታለች። በክረምት ትኩሳት ሲይዛት በዚያው ሰዓት ተናግራ በሁለት ቀን ተነሥታለች። ልጅ «አመመኝ»፣ «ፈራሁ»፣ «ናፈቀኝ» ሲል የሚሰማው ሰው ካገኘ ድፍረቱም ጤናውም ከዚያ ይጀምራል። ጋሽ አሕመድኑርም በየለቅሶውና በየሰርጉ፣ ልጃቸውን ዓረብ አገር ልከው የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ እኩዮቻቸውን እያስቆሙ ይህንኑ ይመክራሉ። ምክራቸው ይሰማል፤ ለእሳቸው ግን ያተረፈላቸው ነገር የለም። ሀዲያ ስትደውል ከልጇ ጋር ብዙ ታወራለች፤ አባቷን ሰላም ብላ ትዘጋለች። እሳቸውም ይገባኛል ብለው ተቀብለውታል።

ባለፈው ሰሞን ፈርሂያ ባለሱቁን «መልሴ ጎድሏል» ብላ ስትከራከር የሰማችው ጎረቤታቸው ብዙዬ ልትመክራቸው መጣች።

«ጋሽ አሕመድኑር፣ ይህቺ ልጅ ዓይን አውጣ ሆነችብዎ። ከአሁኑ ይቅጧት እንጂ!»

«ብዙዬ» አሏት፣ «ቀድማ ዓይኗን አውጥታ ቢሆን ኖሮ ጆሮዋ አይጠፋም ነበር።»