የበጋው እበት የት ገባ?

ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለ አንድ የደጋ መንደር፣ በሰኔ አጋማሽ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፤ ነገ ታናሽ ልጃቸውን ፀዳለን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡባቸው ወይዘሮ አሰገደች ጓሮ ወጥተው ቢያዩ የኩበቱ ቦታ ባዶ ነው፤ ምራታቸው የሺወርቅ እጇ ጭቃ እንደሆነ ፊታቸው ቆማለች።

አሰገደች፦ አልሰማሁሽም። እስቲ ድገሚልኝ።

የሺወርቅ፦ አልጠፈጠፍኩም አልኩ፣ እማማ። ዘንድሮ አንድም ኩበት አልጠፈጠፍኩም።

አሰገደች፦ ሦስት ላም፣ ሁለት በሬ፣ ሙሉ በጋ! ያ ሁሉ እበት የት ገባ?

የሺወርቅ፦ ላይኛው ማሳ። አምና ግማሹ፣ ዘንድሮ ሁሉም።

አሰገደች፦ ላይኛው ማሳ ከምሬዋለሁ ስትይኝ ኩበት መስሎኝ! ጉልበቴ ዳገት እንደማይወጣ አውቀሽ ነው አይደል የተጫወትሽብኝ?

የሺወርቅ፦ አልተጫወትኩም። ከሣርና ከአመድ ጋር ከምሬ አበስብሼ፣ ዝናብ ሳይገባ ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩት። ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።

አሰገደች፦ ቆይ፣ ነገ ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ምን ይመስልሻል? የፀዳለን ዓይን ነው? የኩበት ክምሩን ነው! እኔን ሊጠይቁ ሲመጡ የእናቴ ክምር ከቤቱ ጣራ እኩል ነበር። ዛሬ ይኸው፣ ዶሮ የሚጭረው ሜዳ። አንገቴን አስደፋሽኝ።

የሺወርቅ፦ ሴት ልጅ በእበት ትመዘን ካሉ እሺ፣ ላይኛውን ማሳ ያሳዩአቸው።

አሰገደች፦ አፍሽን ያዢ! ክረምቱንስ ምን ልናነድ ነው? ምላስሽን?

የሺወርቅ፦ የድንበሩን ባህር ዛፍ መልምዬ ጓዳ ሞልቻለሁ። እስከ መስከረም ያደርሰናል።

አሰገደች፦ እንግዲህ ስሚ። ለጎረቤታችን ለወርቅያንሱ ልኬባታለሁ፤ ሦስት አህያ ጭነት ኩበት ታበድረኛለች። አሁን ይደርሳል። አንቺ ትደረድሪዋለሽ፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ እየጠፈጠፍሽ ትመልሽላታለሽ።

የሺወርቅ፦ አልጠፈጥፍም።

አሰገደች፦ ማሳው በማን ስም እንደሆነ ታውቂያለሽ?

የሺወርቅ፦ በእርስዎ።

አሰገደች፦ እንግዲያው እንቢ ካልሽ ላይኛውን ማሳ ለእኩል አራሽ እሰጠዋለሁ። አንቺና ልጄ ታችኛው ላይ እድላችሁን ሞክሩ።

የሺወርቅ፦ ይስጡት። ሁለት ዓመት በጀርባዬ እበት የተሸከምኩበትን ማሳ ሰው ሲያርሰው ማየት ያንገበግበኛል፤ አልዋሽዎትም። ግን መልሼ አላነደውም።

አሰገደች፦ ወይ ድርቅና! ምን አስነክተውሽ ነው?

የሺወርቅ፦ ሣሩ ሲያድግ ከአየር ካርቦን ይስባል። ሣሩን ላሟ ትበላዋለች። እበቷ አፈር ውስጥ ሲገባ ካርቦኑ አብሮ ይገባል፤ አፈሩን የሚያያይዘው፣ ውሃ የሚያስጠጣው እሱ ነው። ስናነደው ግን ጢስ ሆኖ ይሄድብናል።

አሰገደች፦ እኔ የማውቀው ካርቦን ቀበሌ ደረሰኝ ሲጽፉ መሃል የሚከቱትን ጥቁር ወረቀት ነው። እሱን ነው ባቄላዬን የምታበይው?

የሺወርቅ፦ ይሳቁብኝ። ይኸው፣ ከሁለቱም ማሳ ጓል አምጥቻለሁ። ሁለቱንም በዚህ ሳህን ውሃ ውስጥ ይክተቷቸው።

አሰገደች፦ ሽማግሌ ሊመጣብኝ በጭቃ ልጫወት?

የሺወርቅ፦ በሞቴ። አንዴ ብቻ።

አሰገደች፦ አምጪው። ይኸው ከተትኩ። ምን ይሁን?

የሺወርቅ፦ ይመልከቱት።

አሰገደች፦ አንዱ ፈረሰ። ኧረ ሟሟ! ውሃው ሁሉ ደፈረሰ። ይሄኛው ግን እንዳለ ነው። ያልፈረሰው የየትኛው ነው?

የሺወርቅ፦ እበት የበላው፣ የላይኛው። አሁን የጣለውን ዝናብ ላይኛው ጠጥቶታል። የታችኛው ማሳ ጎርፍ ግን ያው፣ ቀይ ሆኖ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

አሰገደች፦ ውሃ እንደሆነ ደመና ሆኖ ይመለሳል ባለፈው ስትይኝ አልነበር? ታዲያ ምን አንገበገበሽ?

የሺወርቅ፦ ውሃውማ ይመለሳል። ይዞት የሄደው አፈር ነው የማይመለሰው።

አሰገደች፦ እንኪ፣ ይሄን ድፍርስ ውሃ ድፊልኝ።

የሺወርቅ፦ እማማ፣ ይሄ ጉድጓዳችን በየዓመቱ መቼ ነበር የሚደርቀው?

አሰገደች፦ የካቲት። ዘንድሮ አልደረቀም። ለገብርኤል ተስዬ ነው።

የሺወርቅ፦ ስለቱን አልነካሁም። ዝናቡን ገብርኤል ለምኖልን ይሆናል፤ ማቆየቱ ግን የእኛ ሥራ ነው። ጉድጓዱ ከምን ሥር ነው ያለው? ከላይኛው ማሳ ሥር አይደለም? አፈሩ የጠጣውን ቀስ እያለ ነው የሚያወርድልዎት።

አሰገደች፦ እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ታችኛው ማሳ ባቄላው ሰው ይሸሽግ ነበር። በሬ ገብቶ ሲጠፋብን እንፈልገው ነበር። አሁን እርግብ አይሸሽግም።

የሺወርቅ፦ አውቃለሁ። ልጅዎ ጌታነህ ነግሮኛል።

አሰገደች፦ አርባ ዓመት! አርባ ዓመት በውርጭ እጄ እስኪሰነጠቅ ጠፈጠፍኩ። መንደሩ ሁሉ ባለሙያ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ምድጃ ውስጥ ስከት የኖርኩት ማሳዬን ነው በይኛ!

የሺወርቅ፦ እንደሱ አልወጣኝም። እንጨት አልነበረም፤ ምን ያድርጉ? ልጆችዎን አብልተው ያሳደጉበት እሳት ነው።

አሰገደች፦ አታባብዪኝ! ተናድጃለሁ። ባንቺ እንዳይመስልሽ።

የሺወርቅ፦ እማማ፣ የእትዬ ወርቅያንሱ አህዮች በሩ ላይ ናቸው።

አሰገደች፦ አይቻቸዋለሁ።

የሺወርቅ፦ ላይኛው ማሳዬን ይወስዱብኛል?

አሰገደች፦ ማን ሊያርሰው! ነገ የሽማግሌዎቹን ወንበር ጉድጓዱ ጎን አድርጊልኝ። እግራቸውን ከዚሁ ቀድተሽ አስታጥቢያቸው። የኩበት ክምር ካሻቸው ሌላ ቤት ይሂዱ፤ ልጄ ቆማ አልቀረችም።

የሺወርቅ፦ ኩበቱንስ? ይመለስ ልበል?

አሰገደች፦ ለምን ይመለሳል? ታችኛው ማሳ ላይ ይራገፍ። ፈርክሰሽ በትኚው።

የሺወርቅ፦ የሰው ኩበት እኮ ነው! ነገ መልሱ ስትለንስ?

አሰገደች፦ ትበል! ከየካቲት ጀምራ ከጉድጓዴ ስትቀዳ የከረመችውን ውሃ መጀመሪያ እሷ ትመልስልኝ።