ልጄ የተመኘቻት እናት

ከአሞራ ገደል ገበያ የገዛሁትን ዓሣ ጠብሼ አቀረብኩ። የአምስት ዓመቷ ልጄ ማዕዱን ስትባርክ፣ «ጌታ ሆይ፣ እማዬን እንደ ቢኒ እናት አድርግልኝ» ብላ ጸለየች። ባሌ ሳቁን ዋጠ፤ እኔን ግን ቅናት አንገበገበኝ። ሐዋሳን ብትዞሩ እንደኔ ቤት የሚያብረቀርቅ አታገኙም!

በማግስቱ ጨው የቸገረኝ መስዬ ወደ ቢኒ እናት፣ ወደ ጎረቤቴ ማርታ ቤት ገባሁ። ዕቃው አልታጠበም፤ ምንጣፉ ላይ ፍርፋሪ ተበትኗል። ማርታ ልጆቿ መሀል ተቀምጣ፣ ድስት እየመታች መዝሙር ታስጠናቸዋለች። «ውይ፣ ቤቴን እንዳታዪብኝ!» አለችኝ። እኔ ግን ዓይኔ በሳቅ የፈካው የልጆቹ ፊት ላይ ቀረ። ይብስ ቀናሁ።

ቤቴ ስመለስ መወልወያውን ትቼ፣ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መዝሙር ጀመርኩላት። ቀና ብላ አየችኝና ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

«እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?»