የሁለተኛው ዙር አተር

መጣህ ልጄ? ግባ፣ ግባ። ጫማህን አታውልቅ፤ ወለሉ ዛሬ ሁለቴ ተወልውሏል፣ ለሦስተኛ ቢወለወል ማን ይሞታል? አውቶቡስህስ እንዴት ዋለች? ፍሬኗ ተሠራላት? ተመስገን። ለአሮጌ ሰውም መለዋወጫ ቢመጣለት...

እኔማ ደህና ነኝ። አተሬን ሳይ ዋልኩ። አዎ፣ ሁለተኛውን ዙር። «እማዬ፣ አተርሽን ለቅመሽ እስክትጨርሺ እዚሁ ነሽ፤ ከዚያ ክፍሉን ለሚወለደው ሕፃን እናዘጋጃለን፣ አንቺም ወደ አረጋውያኑ ቤት...» ብለኸኝ የለ? ታዲያ የመጀመሪያውን ለቅሜ ሳበቃ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ደግሜ ብዘራ ምን አጠፋሁ? የትኛውን ዙር እንደሆነ አልነገርከኝም። የዘሩ ፓኬት በስድሳ ቀን ይደርሳል ይላል፤ ብርድ ሲገባ ግን ፀሐዩ ያጥራል፣ አተሩም ይዘገያል ብዬ ሁለት ሳምንት ጨመርኩበት። ማን ይቸኩላል? ... የሚቸኩልስ አለ።

ትናንት ሬዲዮው ውርጭ ይጥላል አለ። አበባው ገና መፈንዳቱ ነበር፤ አሮጌ አንሶላዬን አልብሼው ገባሁ። ቅጠሉስ ብርድ ይችላል፣ እንደኔ ቆዳው ደንድኗል። የማይችለው አበባው ነው። ጠዋት ብወጣ አንሶላው የለም! ለካስ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ በረዶ ሠርቶ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሏል። በውርጭ ምሽት አንሶላ የሚያጥብ ንጹሕ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ ይኸው በሰባ ስድስት ዓመቴ አየሁ። መታደል ነው!

ማን እንደሆነ አላውቅም። በዚህ ቤት ያለነው ሦስት ነን፤ አንተ የማታ ተረኛ ነበርክ፣ እኔ ደግሞ ያለበስኩትን መልሼ የመግፈፍ ልማድ የለኝም። እንግዲህ መላእክት ይሆናላ! መላእክት ሳሙና እንደሚወዱ ግን የትም አላነበብኩም...

አሳቢነቱስ ብትል! ሻንጣዬ ከቁም ሣጥኑ ላይ ወርዶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ አልጋዬ ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። አየር እንዲያገኝ ነው አሉ። ድሮ «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ይባል ነበር፤ ዘንድሮ አተር አለቀ ቢሉ ቤት ቀለለ ሆነ።

ምነው አቀረቀርክ? ማንን አማሁ? የማድ ቤቱ በር እንደሆነ ክፍት ነው፣ የሰማ ይስማ። ምስጋና በሹክሹክታ አይባልም።

አበባው? ጠቁሯል። አንድም ፍሬ አልቋጠረም። የምለቅመው የለኝም፣ ነገ እሄዳለሁ... ሻንጣውን ብቻ ተሸከምልኝ።

በል ጎንበስ በል፣ ልመርቅህ። ሚስትህን በሰላም ይገላግላት። ወንድ ይሁንላት፤ መልኩም ጠባዩም ቁርጥ አንተን ይሁን። እሷም እንደኔ ዕድሜ ትጥገብ። አንተ እናትህን የወደድካትን ያህል... እሷንም ልጇ ይውደዳት።

አሜን በሉ እንጂ!